ማንም የማይበላው ፒር

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሰው ቤት ሄዳችሁ፣ የቤቱ እመቤት በእጃቸው ያቀረቡላችሁን ቀምሳችሁ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያያችሁ «አይጣፍጥም» ብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም። እናንተም የምታውቁ አይመስለኝም። ብላችሁ ቢሆን ኖሮ ይኼ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ ነበር።

እኔ በምላሴ የምተማመን ሰው ነኝ። የቆየ ቅቤ፣ ያልበሰለ ሽንኩርት፣ ከሌላ በርበሬ ጋር የተደባለቀ በርበሬ አያመልጠኝም። እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ያለ ምግብ ቤት ወጥ ሠሪ ሲቀይር ማንም ሳይነግረኝ በአንድ ጉርሻ አውቃለሁ። ችግሩ፣ ይኼ ሁሉ እውቀቴ ሥራ የሚጀምረው ሒሳብ ከፍዬ፣ ወጥቼ፣ መኪናዬ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው። እዚያው ወንበሩ ላይ እያለሁ ከአፌ የሚወጣው ቃል አንድ ብቻ ነው፤ «ይጣፍጣል» ነው የምለው። ለባለቤቱም፣ ለአስተናጋጁም፣ አጠገቤ ለተቀመጠው ለማላውቀው ሰውም።

ለማንኛውም ወደ እትዬ ዘነቡ ፒር፣ ወደዚያ ፖም መሰል የፈረንጅ ፍሬ ልውሰዳችሁ።

እትዬ ዘነቡን ሚድ ሲቲ ሰፈር የሚኖር ሐበሻ ሁሉ ያውቃቸዋል። ከፒኮ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ካለ አንድ አሮጌ ቤት ውስጥ ይኖራሉ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ፌርፋክስ ላይ ላለ ምግብ ቤት ጠጅ የሚጥሉት እሳቸው ነበሩ። ባለቤታቸው ጋሽ መርዕድ ደግሞ ለእኔ ታላቅ ወንድም ማለት ነበሩ። ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ፣ እትዬ ገና አገር ቤት እያሉ፣ ኮሪያታውን ውስጥ አንድ ክፍል ያካፈሉኝ ጋሽ መርዕድ ናቸው። መንዳት ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ዛሬ በዚህ ከተማ ጠባብ ቦታ ላይ መኪና ሳቆም የሚያየኝ ሁሉ የሚደነቀው በጋሽ መርዕድ ምክንያት ነው።

ጋሽ መርዕድ ሥራቸው ሽማግሌ መንከባከብ ነበር። ቶራንስ ውስጥ አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ነበሩ፣ ያጥቧቸዋል፣ መድኃኒት ይሰጧቸዋል፣ ጓሮ አውጥተው ፀሐይ ያሞቋቸዋል። እዚያ ጓሮ ውስጥ አንድ የፒር ዛፍ ነበረ። ሽማግሌው በወጣትነታቸው እንግሊዝ አገር ካለው መንደራቸው ይዘውት ከመጡት ቀንበጥ የበቀለ ነው አሉ። አንድ ቀን ከዚያ ዛፍ አንዲት ቀንበጥ ቆርጠው፣ ሌላ ችግኝ ላይ አጋጥመው አሰሩና ለጋሽ መርዕድ በባልዲ ሰጧቸው። ቶሎ አያፈራም፣ ታገሠው አሏቸው። ጋሽ መርዕድ ባልዲውን የፊት ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ ቀበቶ አስረውለት፣ በቀኝ መስመር ቀስ እያሉ ሚድ ሲቲ ድረስ ይዘውት መጡ። የዚያን ቀን የተነፋባቸው ጥሩምባ ለሠርግ ይበቃል።

ዛፉ አደገ። ቅጠል አወጣ፣ አበባ አወጣ፣ ፍሬ ግን የለም። ጋሽ መርዕድ በየጠዋቱ ወደ ሥራ ከመሄዳቸው በፊት ውሃ ያጠጡታል። እትዬ ዘነቡ «ይኼን ያህል እኔን ብትንከባከበኝ ሃያ ዓመት በቀነሰልኝ» እያሉ ይቀልዱባቸዋል። ከዚያ ሽማግሌው ሞቱ። ጥቂት ቆይቶ ጋሽ መርዕድም ታመሙና እንደ ቀልድ አመለጡን። እሳቸው በሄዱ በዓመቱ፣ መስከረም ላይ፣ ዛፉ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፈራ።

እትዬ ዘነቡ አንድ ቀን ሙሉ ከዛፉ ሥር ቆመው አለቀሱ። ከዚያ እንባቸውን ጠርገው እንዲህ አሉ፦ «መርዕድ ያልቀመሰውን እኔ አልቀምስም። ሰው ይብላለት።» ቃላቸውን አያጥፉም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከዚያ ዛፍ አንድም ነገር ወደ አፋቸው አልገባም።

ሰው እንዲበላለት ደግሞ ማደል ጀመሩ። የመጀመሪያው በላተኛ ማን ይመስላችኋል? እኔው ነኝ። ሳሎናቸው ውስጥ አስቀመጡኝና በሳህን አቀረቡልኝ። ፍሬው ትንንሽ ነው፣ ክብ፣ አረንጓዴው ላይ ቡናማ ነገር የተነሰነሰበት። ሽታው ልብ ይሰርቃል። በሙሉ እምነት ገመጥኩት።

ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተለጠፈ። ከንፈሬ ወደ ውስጥ ገባ። ምራቄ የት እንደሄደ አላውቅም። ያልበሰለ ሙዝ ከነልጣጩ በልታችሁ ታውቃላችሁ? እሱን በሦስት አባዙት። እትዬ ዘነቡ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። ከኋላቸው የጋሽ መርዕድ ፎቶ ግድግዳው ላይ አለ፣ እሱም ይጠብቃል። ዋጥኩት። እንዴት እንደዋጥኩት ዛሬም ይገርመኛል። ከዚያ «እትዬ፣ እንዲህ ያለ ፒር በልቼ አላውቅም» አልኳቸው። ውሸት አልነበረም።

በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ፌስታል ሙሉ ይዘው ቤቴ መጡ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ የሰፈር ጉዳይ ሆነ። በየመስከረሙ እትዬ ዘነቡ ጋሪያቸውን እየጎተቱ ፌርፋክስን ይወርዱታል። ለቅመማ ቅመም ሱቋ ባለቤት ለአዜብ አንድ ፌስታል፣ ለአስተናጋጁ ለብርሃኑ አንድ ፌስታል፣ ለፀጉር ሠሪዋ፣ ለቪዛ ጉዳይ አስፈጻሚው፣ ለሁሉም። ሁሉም ተነስቶ ይቀበላል፣ ጉንጫቸውን ይስማል፣ ነፍስ ይማር ይላል። ማን ምን ሊል ይችላል? የሟች መታሰቢያ ነው። ባለፈው የሰጡንን እንዴት ነበር ብለው ሲጠይቁ ደግሞ «ልጆቹ ተሻምተው ጨረሱት» እንላለን። ብርሃኑ እኮ ልጅ የለውም።

አዜብ ሞኝ አይደለችም፣ አብስላ ለማለስለስ ሞክራለች። ቀረፋና ስኳር ጨምራ ግማሽ ቀን ቀቀለችው። ድስቱ አረረ፣ ፒሩ እንደነበረ ወጣ። እኔ በበኩሌ ሽታውን ስለወደድኩት ሰው በማመላልስበት መኪናዬ ውስጥ አስቀምጠው ጀመር። ተሳፋሪው ሁሉ ምን ሽቶ ነው እያለ አምስት ኮከብ ይሰጠኛል። አንድ ቀን ኤርፖርት የማደርሳት ልጅ አንድ ልውሰድ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ምን ቆርጦኝ እሺ እንዳልኩ አላውቅም። በመስታወቱ ስትገምጠው አየኋት፣ ከዚያ እስክንደርስ ድረስ አላናገረችኝም። የሰጠችኝን ኮከብ ብዛት አትጠይቁኝ።

የቀረው ሁሉ የሚሄደው ወደ አረንጓዴው የቆሻሻ ገንዳ ነው። እሱም በጥንቃቄ ነው። ከላይ ቅጠል ወይም የሽንኩርት ልጣጭ ይደረግበታል፣ እትዬ በዚያ ሲያልፉ እንዳያዩት። አንድ ቀን ብርሃኑ ከምግብ ቤቱ ጀርባ ሲደፋ እትዬ ድንገት ብቅ አሉበት። ልጁ ክዳኑን ዘግቶ ላዩ ላይ ተቀመጠ። ምን ሆነሃል ቢሉት ደክሞኝ ነው አለ። ቤት ሄደው ሌላ ፌስታል አመጡለት፣ ጉልበት ይሰጥሃል ብለው።

አስራ አንድ ዓመት እንዲህ ኖርን። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ሰፈር ሰው አንድ ምስጢር ጠብቆ። እኛ ሐበሾች ምስጢር አንጠብቅም የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ወደኔ ላኩት።

ነገሩን ያፈረሰችው ሊያ ናት፣ የእትዬ ልጅ። ሊያ እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች፣ ትምህርቷን ሰሜን ካሊፎርኒያ ጨርሳ ቶራንስ ቢሮ የምትሠራ ጎበዝ ልጅ ናት። አማርኛዋ ደህና ነው። ይሉኝታ ግን አልተማረችም፣ እሱን የሚያስተምር ትምህርት ቤት እዚህ የለም። ባለፈው ዓመት አረገዘች። ባሏም እሷም ከእናቷ ጋር እንኑር አሉ። እትዬም ብቻቸውን ናቸው፣ ጉልበታቸውም እየከዳቸው ነው። ጓሮው ውስጥ ትንሽ ቤት እንሥራ ተባለ። ግንበኛው መጥቶ ለካና ሁለት ምርጫ ሰጣቸው። ወይ ዛፉ ይቆረጥና ቤቱ እዚያ ይሠራል፣ ወይ ከጋራዡ ፊት ያለው መኪና ማቆሚያ ላይ ይሠራና መኪናቸው መንገድ ላይ ያድራል። ሎስ አንጀለስን የሚያውቅ ሰው ይኼ ምርጫ እንዳልሆነ ያውቃል።

እትዬ ግን ፍንክች አላሉም። ለራሳቸው ብለው እንዳይመስላችሁ። ሰው ይጠብቀዋል፣ በየዓመቱ የሚበላው ሰው ምን ይሁን ነው የሚሉት። ሊያ ይኼን ስትሰማ ማሰብ ጀመረች። ማንም ሰው ያንን ፒር ሲበላ አይታ አታውቅም።

የጋሽ መርዕድ ሙት ዓመት ቀን ሁላችንም ተሰብስበናል። ምሳ ተበልቶ ካለቀ በኋላ ሊያ ፒሩን ቆራርጣ በትልቅ ትሪ አመጣችና መካከላችን አስቀመጠች። «ሶ፣ ሁላችሁም ትወዱታላችሁ አይደል? ብሉ» አለች። አዜብ ጥርሷን እንደሚያማት ትዝ አላት። ብርሃኑ ጾም ላይ ነኝ አለ። ሊያ ፒር ከመቼ ወዲህ ነው የፍስክ የሆነው ብላ ስትጠይቀው ወደኔ ዞረ። ሊያ ራሷ አንድ ቁራጭ አንስታ ነከሰች፣ ወዲያው ናፕኪን ላይ ተፋችው። «እማ፣ ይሄ ምግብ አይደለም» አለች። ቀጥላ «አንክል ታዴ፣ አንተ ንገራት። ትሩዙን፣ እውነቱን ንገራት» አለችኝ።

እትዬ ዘነቡ ወደኔ ዞሩ። «አንተ ታዴ፣ እውነት ነው?»

እኔ በሕይወቴ ብዙ ነገር ላይ ቆራጥ ነኝ። ያን ቀን ግን አልሆነልኝም። ልዋሽ አፌን ከፈትኩ፣ ልጅቷ ዓይኔን እያየችኝ ነው። «እትዬ... አይበላም» አልኩ። «ለአስራ አንድ ዓመት?» አሉ። «ለአስራ አንድ ዓመት» አልኩ። ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሰው በየተራ አዩት። ማንም ቀና አላለም። ትሪውን አንስተው ወደ ወጥ ቤት ገቡ። ሲመለሱ ፊታቸው ደርቋል። «በይ ቁረጪው» አሏት ሊያን። «ሰው ካልበላለት ምን ያደርግልኛል?»

እንግዲህ እውነት ነጻ ያወጣል የሚለውን ሰው ያን ቀን ባገኘው ጥሩ ነበር። እኔ የወጣሁት አንገቴን ደፍቼ ነው። የጋሽ መርዕድን ዛፍ ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ ማለት ነው። እንቅልፍ ነሳኝ። አንድ ነገር ግን አልዋጥልህ አለኝ። አንድ ሽማግሌ ባሕር ማዶ ድረስ ቀንበጥ ተሸክሞ የሚመጣው ሊበላ ለማይችል ነገር ነው? እኔ አላምንም። በነጋታው ፌስታል ሙሉ ፒር ይዤ ቶራንስ ሄድኩ። ቤቱን አውቀዋለሁ፣ የጋሽ መርዕድ መኪና በተበላሸ ጊዜ ሁሉ የማደርሳቸው እኔ ነበርኩ።

በሩን የከፈተችልኝ የሽማግሌው ልጅ ናት፣ እሷም አሁን ፀጉሯ ነጭ ሆኗል። ፌስታሉን ከፍቼ ሳሳያት ቁጭ አለች። አንዱን አንስታ አሸተተች፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያ ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። «በላችሁት?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ሁላችሁም? አስራ አንድ ዓመት?» ሳቋ ሲመጣ እጇን አፏ ላይ አደረገች፣ አልቻለችም። ይቅርታ እየጠየቀች ትስቃለች፣ እየሳቀች ይቅርታ ትጠይቃለች።

ፒሩ ለመብል አይደለም አለችኝ። አባቷ አገር ማንም ነክሶት አያውቅም፣ አሳማ እንኳ ከዛፍ ሥር ጥሎት ያልፋል። ተጨምቆ፣ ተቀምጦ፣ መጠጥ የሚሆን ነው፣ ፔሪ ይሉታል። በዚያ አካባቢ እያንዳንዱ መንደር የራሱ የፒር ዘር አለው፣ አንዱ መንደር ያለው ሌላው ጋ አይገኝም። የነሱ መንደር ፒር የሚጠራው «አፍ ዝጋ» በሚል ስም ነው። ስሙን ስትነግረኝ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ምን እንደተደረግን ገባኝ። እዚህ ጓሯቸው የነበረው ዛፍ መዋኛ ሲሠራ ተቆርጧል። ከአባቷ ቀንበጥ የቀረው እንግዲህ እኛ ጋ ያለው ብቻ ነው። ጋሽ መርዕድን አባቷ «ሲያፈራ አሠራሩን አሳይሃለሁ» ይሏቸው እንደነበርም ታስታውሳለች። ሁለቱም ሳይደርሱበት ሄዱ። አሠራሩን በወረቀት ጽፋ፣ ከጋራዥ የአባቷን የእንጨት መጭመቂያ አውጥታ መኪናዬ ላይ ጫነችልኝ።

አሁን እትዬ ዘነቡን ማሳመን ነው። ፒሩ ጥሩ ነው ብላቸው በጥፊ ነበር የሚሉኝ። ስለዚህ ብልጠት ተጠቀምኩ። «እትዬ፣ ሰዎቹ ከዚህ ነገር ጠጅ ይጥላሉ አሉ፣ ግን እጅ ይጠይቃል፣ ሁሉም ሰው አይችልበትም» አልኩ። «ምን ያህል ቀን ነው የሚቀመጠው?» አሉ። አወቅሁ፣ ተይዘዋል።

ከሊያ ጋር ተስማሙ። ዛፍ ቆራጩ የሚመጣው ከገና በኋላ ነው። መጠጡ ደርሶ ሰው ከወደደው ዛፉ ይቀራል፣ ካልወደደው ይቆረጣል። ጋራዡ ውስጥ ፒሩን ፈጨን፣ ወረቀቱ እንደሚለው አሳድረን ጨመቅን፣ በሁለት ትልልቅ የመስታወት ጠርሙስ ሞላን። ያጣላን አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ጌሾ። ወረቀቱ ላይ ጌሾ የለም። እትዬ ደግሞ ጌሾ ያልገባበት ነገር ውሃ ነው አሉ። ሴትየዋ አልጻፈችም ስላቸው ረስታው ይሆናል አሉ። የእንግሊዝ አገር ሰው ጌሾን እንዴት ይረሳል ብዬ ለማስረዳት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። በመጨረሻ ጌሾው በአንዱ ጠርሙስ ብቻ ገባ፣ ሌላው በወረቀቱ መሠረት ቀረ። እትዬ ሦስት ወር ሙሉ ጋራዥ እየገቡ ያሸታሉ፣ ጆሯቸውን ጠርሙሱ ላይ ለጥፈው ይሰማሉ። አንዲት ጠብታ ግን አልቀመሱም። ቃል ቃል ነው።

ገና ባለፈ በመጀመሪያው እሑድ፣ ከቀትር በኋላ፣ ያው ሰው ያው ሳሎን ውስጥ ተሰበሰበ። እትዬ ብርሌውን ደርድረው ራሳቸው ቀዱ። ለሁላችንም ደረሰ። ጠጣሁ።

ጌታዬ፣ ምን ልበላችሁ። ጉሮሮዬ ተቆለፈ። ዓይኔ እንባ አዘለ። ፒሩ ራሱ ይሻል ነበር። ብርሃኑን አየሁት፣ ግንባሩ ላቦት አውጥቷል። ግን የዛፉ ነገር አለ፣ ዛሬ ካልወደድነው ያልቃል። ስለዚህ ቀድሜ ተነሳሁና «እትዬ፣ እጅዎ ይባረክ፣ ማር ነው» አልኩ። አዜብ «እንዲህ ያለ ጠጥቼ አላውቅም» አለች። ብርሃኑ ድገሙኝ አለ። ጀግና ነው ያ ልጅ።

እትዬ ዘነቡ ብርሌያቸውን ሳይነኩ ተቀመጡ። «ጌሾ ያለበት ነው» አሉ። «ጠዋት ደግሞ ከግቢዬ ሬት ቆርጬ ጨምቄበታለሁ።»

የብርሃኑ ሁለተኛ ብርሌ እጁ ላይ ቀረ።

እትዬ ከሁለተኛው ጠርሙስ ቀዱልን። ፈርቼ ጠጣሁ። ይኼኛው ሌላ ነው። መጀመሪያ ማር የገባበት ይመስላል፣ ማር ግን የለበትም። ከዚያ ቀዝቀዝ ይላል፣ ያ የፒሩ ሽታ በአፍንጫ ይወጣል። መጨረሻ ላይ ያቺ አፍ የምታስር ነገር ለስለስ ብላ ትመጣና ሌላ ጉንጭ ታስመኛለች። በምላሴ የምተማመን ሰው ነኝ ብያችኋለሁ፣ እዚህ ከተማ ውስጥ ከዚያ የተሻለ ነገር አልጠጣሁም። ይኼንኑ ነገርኳቸው። አዜብ ማለች። ብርሃኑ በእናቱ ስም ማለ።

«ቅድምም ብላችኋል» አሉ እትዬ። «በፒሩም ብላችኋል። የቱን ልመን?»

አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ያለን ቃል አንድ ብቻ ነበር፣ እሱንም ለሬት ሰጠነው። እሳቸው እንዳይቀምሱ ቃላቸው ይዟቸዋል። ሊያ እንዳትቀምስ ሆዷ ገፍቷል። ቶራንስ ያለችውን ሴትዮ እንጥራት አልኩ፣ የአባቷ ነገር ነው፣ ታደላለች አሉኝ። ከዚያ በጣም በቀስታ «በመርዕድ ስም ደግሜ አላስዋሽም» አሉና ተነሱ። ማክሰኞ ቆራጩ ይምጣ፣ የቀረውን ነገ እደፋዋለሁ አሏት ሊያን። ሊያም አለቀሰች፣ ለዛፉ ይሁን ለእናቷ አላውቅም።

ጠርሙሶቹ ወደ ጋራዥ ተመለሱ፣ እንግዳውም ቀስ በቀስ መሰናበት ጀመረ። እኔም ጃኬቴን ለበስኩ። በር ላይ ስደርስ ግን አንድ ሐሳብ ያዘኝ። ነገ ይደፋል። ያ ነገር ነገ መሬት ላይ ይፈሳል፣ ዓለም ላይ ዳግመኛ አይገኝም። መኪናዬ ውስጥ ባዶ የውሃ ጠርሙስ አለ። ሌብነት መሆኑን አውቃለሁ፣ ከሟች ወንድሜ ቤት መሆኑንም አውቃለሁ። እግሬ ግን ወደ ጋራዡ ወሰደኝ።

በሩን ገፋ ሳደርገው ብርሃኑ ጠርሙሱ ሥር ተንበርክኮ በፕላስቲክ ይቀዳል። አጠገቡ አዜብ፣ ከቦርሳዋ የልጅ ጡጦ የሚመስል ነገር አውጥታ ተራዋን ትጠብቃለች። ማንም ማንንም አልወቀሰም። አዜብ ወደ ጎን ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠችኝ። የኔ ጠርሙስ ግማሽ እንደሞላ ከኋላችን በሩ ተከፈተ።

እትዬ ዘነቡ ናቸው። መሬቱ ሊውጠን ቢችል ደስ ይለን ነበር። ብርሃኑ የያዘውን ከጀርባው ደበቀ፣ ሱሪው ላይ ግን እየፈሰሰ ነው። እትዬ እኛን አላዩንም። ሁለቱን ጠርሙሶች ነው ያዩት። ጌሾና ሬት ያለበት እንደነበረ ነው፣ ማንም አልነካውም። ሌላው ከግማሽ በታች ወርዷል። ቀረብ ብለው የወረደበትን ልክ በጣታቸው ነኩት፣ ከአንገቱ እስከ ሆዱ።

ከዚያ ፊታቸው ተፈታ። ያን የመሰለ ፈገግታ ጋሽ መርዕድ ከሄዱ ወዲህ አላየሁባቸውም። ምንም ሳይሉን በሩን ቀስ አድርገው ዘጉብን። ከውጭ ድምፃቸው ይሰማናል። «ሊያ፣ ለዚያ ሰውዬ ደውይለት፣ ማክሰኞ እንዳይመጣ። መኪናችሁን መንገድ ላይ ፓርክ ታደርጋላችሁ።»

ሊያ ምን ሆነ ብላ ስትጠይቃቸው ሰማን።

«እየሰረቁኝ ነው» አሉ እትዬ ዘነቡ። «ሦስቱም።»

እንግዲህ ይኼን ነገር ለልጆች እንዴት አድርጌ እንደምተርከው ጨንቆኛል። ውሸቴ ዛፉን አስራ አንድ ዓመት አኖረው፣ እውነቴ ሊያስቆርጠው ነበር፣ ሌብነቴ አዳነው። አሁን የሊያ መኪና በየሳምንቱ የፓርኪንግ ቅጣት ይበላል፣ እናቷ ግን ግድ የላቸውም። ዘንድሮ ጋራዡ ላይ ትልቅ ቁልፍ ገዝተው አንጠልጥለዋል። መክፈቻውን አንገታቸው ላይ፣ ከማተባቸው ጋር አስረውታል። መንገድ ላይ ላገኙት ሁሉ፣ ሳይጠየቁ፣ አውጥተው ያሳያሉ፤ «በታዴና በጓደኞቹ ምክንያት ነው» ይላሉ። እንደዚያ ኮርተው አይቻቸው አላውቅም።